ሚዛኑን ይዞ መመለስ፤ ንግድ ሊማሩ ባሕር ስለሚሻገሩ የጨርጨር ልጆች

«ሒሳብ አገር የለውም፤ ንግድም ባህል የለውም» የሚል አነጋገር በየስብሰባ አዳራሹና በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ይሰማል። በዚህ አነጋገር መሠረት ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከገለምሶ ወይም ከበዴሳ ተነሥቶ ንግድና የሒሳብ አያያዝ ሊማር ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት ከባህል ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ ቢኖር የምግቡ፣ የልብሱና የብርዱ ነገር ብቻ ነው። እንጀራ ይናፍቃል፤ ካፖርት ይገዛል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይለምደዋል፤ የቀረው የቁጥር ሥራ ነው ይባላል።

ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ስሕተቱም በወረቀት ላይ የሚቀር ሳይሆን ዋጋ የሚያስከፍል ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ አነጋገሩን የሚደጋግሙት ሰዎች አይደሉም፤ በጨርጨር ተራሮች ላይ ቡና የሚለቅሙት፣ ሰንጋ አድልበው ለገበያ የሚያቀርቡት፣ በየከተማው በራፍ ላይ ሱቅ ከፍተው የሚውሉት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ንግድ ራሱ ባህል ነው። ሁለተኛ፣ ባዕድ ባህልን መልመድ ማለት የባዕዱን ሚዛን ማንበብ መቻል እንጂ ባዕዱን መምሰል አይደለም። ሦስተኛ፣ የዚህ ትምህርት ዋና ፈተና የሚሰጠው ተማሪው ወደ አገሩ ገበያ በተመለሰ ጊዜ ነው። በመጨረሻም የባህልና የኪነ ጥበብ ሠራተኛው በዚህ ረገድ ያለበትን ዕዳ እንጠቁማለን።

1. ንግድ ራሱ ባህል ነው

ባህል ሲባል የብዙዎቻችን ዐይን ቶሎ የሚሄደው ወደ መድረክ ነው። የክብረ በዓል ልብስ፣ የጭፈራ ሰልፍ፣ በትርዒት ላይ የሚደረደር የስፌት ሥራ ይታየናል። ይህ ጠባብ አመለካከት በባህል አዳራሾቻችን ውስጥ ለብዙ ዘመን ሥር ሰድዶ ኖሯል። ሰው ሰውን የሚያምንበት መንገድ፣ ቃል የሚሰጥበትና የሚጠበቅበት ሥርዓት፣ ጊዜ የሚለካበት ልማድ፣ ታናሽ በታላቅ ፊት የሚናገርበት ወይም ዝም የሚልበት ወግ ግን ከዘፈኑና ከልብሱ ይልቅ የባህል አጥንት ነው። ንግድ የሚቆመውም በዚህ አጥንት ላይ ነው።

ከምሥራቁ አገራችን የከብት ገበያ እንነሣ። በዚህ ገበያ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ጣት በጣት እየነካኩ ዋጋ የሚነጋገሩበት የቆየ ልማድ አለ። ዋጋው በአደባባይ አይጮህም። መሀል ላይ ደላላ ይቆማል፤ ደላላው ሁለቱንም ወገን ያውቃል፤ ስሙ ከጎደፈ በሚቀጥለው ገበያ የሚሰማው አያገኝም። ዱቤ ሲሰጥም ወረቀት አይቀድምም። «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አባቱ ቃሉን የሚያከብር ሰው ከሆነ ልጁ ይታመናል። ጠብ ቢነሣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሐዘን ወይም ችግር ቢደርስ አፎሻው ይደርሳል። ይህ ሁሉ ዝም ብሎ የተከማቸ ልማድ አይደለም፤ ሕግ ያለው፣ ቅጣት ያለው፣ ዋስትና ያለው ሥርዓት ነው።

አሁን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገውን ወጣት በባዕድ አገር የንግድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ እናስቀምጠው። መጀመሪያ የሚገጥመው ዝምታን የሚያስቀጣ ክፍል ነው። በአሜሪካ ከሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተነሥቶ በዓለም የተዛመተው የማስተማር ዘዴ፣ የአንድን ድርጅት እውነተኛ ችግር በጽሑፍ አቅርቦ ተማሪዎቹ በክርክር እንዲፈቱት ማድረግ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ክፍል የማይናገር ተማሪ ማርክ ያጣል። ታላቅን አለመቅደም፣ ተጠይቆ መመለስ ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገው የሂርና ልጅ ዝም ሲል፣ መምህሩ «አልተዘጋጀም» ይለዋል። ልጁ በበኩሉ መምህሩን በስሙ ጠርቶ «አልስማማም» የሚለውን ጎረቤቱን ስድ አድርጎ ያየዋል። አንዱ የሌላውን ፊደል ማንበብ አልቻለም።

ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ ይመጣል። በእኛ ገበያ ዕዳ «መኸር ሲገባ» ይከፈላል፤ ዝናቡ ከዘገየ ባለ ዕዳው አበዳሪው ቤት ሄዶ ይነጋገራል። በዚያ ግን በ30 ቀን ይከፈላል ተብሎ የተጻፈ ፋቱራ 31ኛውን ቀን አይጠብቅም። ከዚያ የስጦታ ነገር አለ። በእኛ ዘንድ የተከበረ እንግዳ ባዶ እጁን አይገባም፤ በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ የአገሩ ኩባንያዎች ለውጭ አገር ባለ ሥልጣናት ጉቦ እንዳይሰጡ ስለሚከለክል፣ በእጅ መንሻና በጉቦ መካከል ያለው ድንበር በጠበቃ ይመረመራል። በቻይና ደግሞ ከውሉ በፊት ረዥም ግብዣና ትውውቅ ሊቀድም ይችላል። እንግዲህ ይህን ሁሉ «ከቁጥር ውጭ ነው» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ቁጥሩ የሚኖርበትን ቤት ሳያይ ቁጥሩን ብቻ ይሸመድዳል።

ከሁሉ የጠለቀው የወለድ ጥያቄ ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ወለድ መብላትና ማብላት በእምነቱ የተከለከለበት ቤተሰብ ልጅ፣ ገና በመጀመሪያው ወር የገንዘብ ዋጋ በወለድ የሚለካበትን ትምህርት ይጀምራል። አንዱ ይህን ሲያይ እምነቱን እንደ አሮጌ ልብስ ይጥላል፤ ሌላው ትምህርቱን ለፈተና ብቻ ሸምድዶ በልቡ ይዘጋዋል። ይህ የምግብና የብርድ ጉዳይ ነውን? ይህን ጥያቄ ያልተዘጋጀበት ተማሪ ብቻውን እንዲሸከመው መተውስ የማን ጥፋት ነው?

2. ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች

በዚህ ግጭት ፊት ተማሪዎቻችን በአብዛኛው ሁለት መንገድ ይይዛሉ። ሁለቱም ወደ ገደል ያመራሉ።

የመጀመሪያው የመገልበጥ መንገድ ነው። ይህን መንገድ የሚይዘው ወጣት ባህሉን በኬላው ጥሎ ይገባል። አነጋገሩን፣ አረማመዱን፣ አሳሳቁን ይለውጣል። ከዓመት በኋላ የሚያፍርበት ነገር ይበዛል፤ በአባቱ የጀንፈል ጆንያ ያፍራል፤ በደላላው ያፍራል፤ እናቱ በቃል በምትይዘው የዱቤ ሒሳብ ይስቃል። ሲመለስ የሚናገረው ቋንቋ ለገበያው እንግዳ ስለሚሆን ከገበያው ይሸሻል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛው የሰንዱቅ መንገድ ነው። ይህኛው ባህሉን በሰንዱቅ ቆልፎ ይኖራል። በባዕድ ከተማ ውስጥ የአገሩን ልጆች ብቻ ፈልጎ ያገኛል፤ በአንድ ክፍል ተሰብስበው ቡና ያፈላሉ፤ ስለ ፈረንጁ ቅዝቃዜና ስለ ራሳቸው ደግነት ሲያወሩ ዓመታት ያልፋሉ። ናፍቆት አያስነቅፍም፤ መሰባሰብም ለብቸኛ ሰው መድኃኒት ነው። ነገር ግን ክፍሉ ምሽግ ሲሆን ተማሪው አንድም የባዕድ ቤት ሳይገባ፣ አንድም ነጋዴ ሳይጠይቅ፣ አንድም ገበያ ሳያጠና ዲግሪውን ይዞ ይመለሳል። አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከጭሮ አልወጣም።

ሁለቱ መንገዶች ተቃራኒ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ባህልን ልብስ ያደርጉታል። አንዱ ያወልቀዋል፤ ሌላው ያጣጥፈዋል። መርምሮ የሚያውቀው ግን የለም።

ይህ ነቀፋ የንግድ ተማሪውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት ለሕዝባቸው በነበራቸው ቁጭት የሚከበሩ ናቸው። ይሁን እንጂ በሌላ አገር ታሪክ ላይ የተጻፈን ክርክር ከነስሙና ከነጥቅሱ የገለበጡበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላም በርካታ ወጣቶች ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ቡልጋሪያና ወደ ኩባ ተልከው ተምረዋል። ከመካከላቸው የፕላን ኢኮኖሚን የተማሩት የ1983 ዓ.ም. ለውጥ በመጣ ጊዜ በሁለት ተከፈሉ። ደንቡን ብቻ የያዘው ባለሙያ ደንቡ ሲሻር ባዶ እጁን ቀረ፤ የአገርን ሀብት መቁጠርን፣ መመዝገብን፣ ማመዛዘንን የተማረው ግን በአዲሱም ሥርዓት ሥራ አላጣም። ልብስ ያረጃል፤ ሚዛን ይቆያል።

የሚኤሶ ጣቢያም ይህንኑ ይመሰክራል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የሐዲዱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሚኤሶ ሲያልፍ ሐዲዱን የዘረጉት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ፈረንሳዩን መምሰል ሥልጣኔ ነው ብሎ የነበረ አያት፣ የልጅ ልጁ ዛሬ ቻይናዊውን እንዲመስል ይመክራልን? ሕዝቡ ግን ከሁሉም ብልህ ነበር። ከፈረንሳይ «ለገሀር»ን፣ ከዐረብ «ሱቅ»ን፣ ከጣሊያን «ፋቱራ»ን፣ ከእንግሊዝ «ቼክ»ን ወሰደ፤ በራሱ አንደበት አለዝቦ የራሱ አደረጋቸው። የገበያው ቋንቋ ባዕድን እንዴት መልመድ እንደሚቻል ከምሁሩ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

3. ከጨርጨር ታሪክ የምናገኘው

ይህ ጥያቄ ለጨርጨር ምድር አዲስ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው በመድፈኛ ትምህርት ቤት ሠለጠኑ፤ ኋላም በፈረንሳይና በእንግሊዝ ስለ እርሻ ተማሩ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙም አሰበ ተፈሪን ማዕከል አድርገው ግዛቱን ለሌላው አርአያ የሚሆን ለማድረግ ጣሩ። የኋላ ዘመናቸውንም በሂርና በእርሻ ሥራ አሳልፈዋል።

የእኚህ ሰው ሥራ ለክርክራችን ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው በጎ ትምህርት ነው። «ፋቡላ» የተባለው ተውኔታቸው፣ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው፣ ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የአውሬዎች ተረት የተቀዳ ነው። ነገር ግን አውሬዎቹ የተናገሩት ስለ ፓሪስ አልነበረም፤ በአዲስ አበባ ሹማምንት ስንፍናና ምዝበራ ላይ ነበር። ቤተ መንግሥቱ የተቆጣውም ነገሩ ስለ ራሱ መሆኑን በሚገባ ስለተረዳ ነው። ሚዛኑ የባዕድ፣ እህሉ የአገር ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ጠንከር ያለ ነው። ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ የተዘጋጀ ነበር። አብነቱን ከእስያ መፈለጉ ብልኅነት ነበረው፤ ፍሬው ግን የዘውዱን ሥልጣን ማጽናት ሆነ። የከተማይቱም ስም የዕቅዱ ባለቤት ማን እንደነበረ ይናገራል፤ አሰበ ተፈሪ ተባለች፤ አሳቢው ከላይ ነበርና። ሕዝቡ ግን ቦታውን ጭሮ ማለቱን አልተወም፤ ዛሬም ከተማዋ በይፋ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። ከውጭ የመጣ ዕውቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲፈስ የአፍሳሹን ስም ይዞ ይቀራል፤ የሕዝቡ ስም ግን ከሥር ሆኖ ይጠብቃል።

ከጨርጨር ጎረቤት ከድሬዳዋ ደግሞ ሌላ ምስክር እንጥራ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በኦስትሪያና በጀርመን የተማሩ፣ በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠሩ ሰው ነበሩ። ቡናውና ቆዳው ወደ ጅቡቲ ሲወጣ፣ ጨርቁና ብረታ ብረቱ ሲገባ በበሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበሩ። ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ያስተማሩት ዋና ነገር፣ በዐዋቂ ሕዝብና ባላወቀ ሕዝብ መካከል የሚደረግ ንግድ እኩል እንዳልሆነ ነው፤ ያላወቀው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ሥራ ውጤት ይቀበላል። ጀርመንኛ የሚያውቁት እኚህ ሰው ይህን የጻፉት በአማርኛ ነው። ለፈረንጅ ፕሮፌሰር ሊመሰገኑበት ሳይሆን ለአገራቸው ሰው ሊያነቁበት ጻፉት። ባዕድ አገር የተማረ ሰው ጀርባውን ሳይሆን ፊቱን ወደ ማን ማዞር እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

4. ሚዛኑን ማንበብ

«ሚዛን» የምንለው ለማሳመር አይደለም። በገለምሶና በበዴሳ የሚነግደው ሰው ቡናን በፈረሱላ ይቆጥራል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። ለዓለም የዓረቢካ ቡና ዋጋ መነሻ የሚሆነው የኒው ዮርክ ገበያ ግን በፓውንድ ይቆጥራል፤ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። ይህን ወደ ኪሎ ብንለውጠው 17,000 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። እንግዲህ አንድ የኒው ዮርክ ውል ማለት አንድ ሺህ ፈረሱላ ያህል ማለት ነው። ሁለቱ ሚዛኖች የተገናኙት በአጋጣሚ ቢሆንም፣ ለመምህር የተሰጠ ስጦታ ነው። ነገር ግን ስንቱ የንግድ ምሩቅ ነው ከባዕድ አገር ተመልሶ ይህን ስሌት ለገለምሶ ነጋዴ በራሱ ፈረሱላ ያስረዳው? ስንቱስ ነው ትናንት ማታ በኒው ዮርክ የተሰማው ዋጋ ዛሬ ጠዋት በጀንፈሉ ላይ ለምን እንደወደቀ የተነተነለት? ቁጥሩን ማስላት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቁጥሩን ከአንዱ ባህል ወደ ሌላው ማሻገር ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ሲቻል ምን እንደሚገኝም አይተናል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የሐረር ስም የሚሸፍነው ቡና ከምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች የሚወርደውንም ይጨምራል። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው ተብሎ ክርክር ተነሣ። ኢትዮጵያውያኑ ባለሙያዎች መልስ የሰጡት በእንባ አልነበረም፤ በዚያው አገር ሕግ፣ በዚያው አገር ቋንቋ፣ በዚያው አገር የገበያ አነጋገር ነው። በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ስሞቹን በሚመለከት ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ስም ዋጋ እንዳለው የገለምሶ ገበሬ ዱሮም ያውቃል፤ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይኸው ነውና። የጎደለው ይህን ዕውቀት ባዕዱ በሚያነበው ወረቀት ላይ የሚጽፍለት ሰው ነበር።

የወለዱም ጥያቄ መልስ አጥቶ አልቀረም። በማሌዢያ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ተቋቁሞ፣ ሙያው በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባንኮች ይህን አገልግሎት በተለየ መስኮት እንዲሰጡ የሚያስችል መመሪያ አወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ። እምነቱን እንደ አሮጌ ልብስ የጣለው ተማሪ ይህን መሥራት አይችልም ነበር፤ ትምህርቱን በልቡ የዘጋውም አይችልም ነበር። ሊሠራው የሚችለው በሁለቱ መካከል ቆሞ ሁለቱንም በቁም ነገር የጠየቀ ነው።

5. ፈተናው ጭሮ ላይ ነው

«ባህሉን አጥብቆ የያዘ ተማሪ በባዕድ አገር ይቸገራል» የሚሉ አሉ። እኛ ተቃራኒውን እንላለን፤ ባህሉን በሚገባ የሚያውቅ ቶሎ ይለምዳል። የሚኤሶን ገበያ እንመልከት። ኦሮሞው፣ ሶማሌውና አፋሩ በአንድ ገበያ ሲገናኙ ሻጩ የገዢውን ሰላምታ ይማራል፤ በየትኛው ቋንቋ ዋጋ እንደሚጀመር፣ በየትኛው እንደሚቀለድ ያውቃል። ራሱን ሳይጥል ከሌላው ጋር ይነግዳል። የጭሮ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይናገራል፤ ብዙው ቁርኣን ቤት ዐረብኛ ቀምሷል። ይህ ልጅ ባዕድን መልመድ በሎንዶን ወይም በቤጂንግ አይጀምርም።

ስለ ክርክሩ ክፍልም እንዲሁ ነው። ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ጉዳይ በሸንጎ ፊት ቀርቦ በተራ በተራ የሚመከርበት ስፍራ ነው። አያቶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ነገር ሲተነትኑ የኖሩ ወጣት፣ ጉዳይ ቀርቦ የሚከራከሩበት ክፍል ለምን ይፈራል? የሚፈራው ባህሉ ዝምታ ብቻ እንደሆነ ስለተነገረው ነው። ጭፈራውን አስተማርነው፤ ሸንጎውን ግን ደበቅነው።

ስለዚህ ከመላኪያው እንጀምር። ንግድ ሊማር የሚሄድ እያንዳንዱ ወጣት ከመነሣቱ በፊት አንድ የአገሩን ገበያ አጥንቶ ይጻፍ፤ ደላላው ከምን ይከፈላል፣ ዱቤ በምን ይታመናል፣ ጀንፈል ከገበሬው ጓሮ እስከ መጋዘን ስንት እጅ ያልፋል የሚለውን። ይህን የጻፈ ወጣት በባዕድ ክፍል ውስጥ የሚናገረው አያጣም፤ የሌላውን ልማድ ሲያይም የሚያወዳድርበት አለው። በባዕድ አገር ሳለም ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ አንድ ገበያ፣ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ አንድ የቤተሰብ ንግድ ገብቶ ይይ።

ሲመለስስ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ተመላሹን የምንቀበልበት ልማድ ራሱ መጥፎ ነው። ወንበር እንሰጠዋለን፤ ፋይል እንሰጠዋለን፤ ከገበያው ግን እንለየዋለን። «ዶክተር ሆኖ ከደላላ ጋር ምን አገባው?» እንላለን። ለንግድ ያለን የቆየ ንቀት፣ ነጋዴን አታላይ፣ ሹመትን ክብር አድርጎ የኖረው የፊውዳል ቅሪት ዛሬም በዲግሪ ካባ ውስጥ ይኖራል። የተመለሰው ምሩቅ ከቢሮው በፊት ጥቂት ወራት በነጋዴው መጋዘንና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን አጠገብ ቢቆም ምን ይጎዳል? በጭሮ የሚገኘውና ስሙን ከዚያ ጥንታዊ ሸንጎ የወሰደው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ደላላውንና የሒሳብ መምህሩን በአንድ አግዳሚ ላይ ለማስቀመጥ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የተገባ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል፤ በሬው ግን የባዕዱን ሞፈር አሠራር ቢያውቅ ሰርዶው ቶሎ ይነቀላል።

6. የኪነ ጥበብ ሰው ዕዳ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ወጣት በሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. በታተመው «አርአያ» በተባለው ልብ ወለዳቸው በፈረንሳይ እርሻ ተምሮ የተመለሰውን ወጣት ተስፋና ብስጭት አሳይተውናል። መንግሥቱ ለማ፣ ራሳቸው በለንደን የተማሩት፣ «ያላቻ ጋብቻ» በተባለው ተውኔት ከውጭ ተመልሶ ወደ ገጠር የገባውን ወጣት በሣቅና በሐሳብ አቅርበውታል። እርሻ የተማረውና መምህር የሆነው እንግዲህ ባለ ታሪክ ሆነዋል። የንግድ ተማሪውስ የት አለ? በመድረካችን ላይ ነጋዴ ሲወጣ ሆዱ የተነፋ፣ ሚዛኑ የጎደለ፣ ሣቁ የሚያስፈራ ሰው ሆኖ ነው። ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ መኖሩ እውነት ነው፤ ሊጋለጥም ይገባል። ነገር ግን ሚዛን ማንበብ ተምሮ የተመለሰ፣ በአባቱ ዱቤና በባንኩ ፎርም መካከል የተያዘ፣ እናቱ «ወለዱን ምን አደረግኸው?» ብላ የምትጠይቀው ወጣት ከዚህ ያነሰ ድራማ አለውን? የአንድ ሺህ ፈረሱላ ውል ከፊቱ፣ የጎረቤቱ ዕዳ ከኋላው የቆመበት ሰው ለተውኔት ጸሐፊ ምን ይጎድለዋል?

ካድሬው ይህን ጉዳይ «የተመላሽ ባለሙያዎች ብዛት» በሚል የሪፖርት መስመር አይቁጠረው፤ የተመለሰው ከማን ጋር እንደሚሠራ ይጠይቅ። መምህሩ ከክፍሉ ግድግዳ ውጭ ያለውን ገበያ መማሪያ መጽሐፍ ያድርገው። የባህል አዳራሹ ከጭፈራው ጎን የሸንጎውን ክርክር፣ የከብት ገበያውን የጣት ቋንቋ፣ የደላላውን ቃል ያሳይ። ደራሲው፣ ሠዓሊውና የመድረኩ ሰው ደግሞ በጨርጨር ከተሞች ያለውን ይህን አዲስ ሰው ይፈልጉት፤ እሱም ይጠብቃቸዋል።

በጨርጨር ተራሮች ላይ ቡናው በየዓመቱ ይቀላል፤ በየዓመቱም ወጣቶች ሻንጣ ይዘው ይወጣሉ። ባዕዱን ገልብጦ የተመለሰ ቡናውን በባዕድ ዐይን አይቶ ይንቀዋል። ባዕዱን ሳያይ የተመለሰ ቡናውን እንደ ዱሮው ለሚነግሩት ዋጋ ይሰጣል። የባዕዱን ሚዛን አንብቦ የራሱን ፈረሱላ ያልረሳ ሰው ግን በጭሮ ገበያ መሀል ቆሞ «ይህ ዋጋ ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት ይችላል። እንዲህ የሚል ልጅ እንዲበዛልን ከፈለግን፣ ስንሸኘው ከምንሰጠው የባህል ልብስ ጋር የገበያውን ዕውቀት እናስይዘው፤ ሲመለስም ከወንበሩ በፊት የገበያውን በር እንክፈትለት።